የእማማ ጥሩሸዋ አንገትና የባሌ ካሜራ

ባሌ ትዕዛዙ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚጎርስ፣ ቀስ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። እኔ ጌታነሽ ደግሞ ሦስቱንም በጥድፊያ ነው የማደርጋቸው፤ ሞላሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የእሱን ነገር እሱ ራሱ እንዲያወራላችሁ ብንጠብቅ ገብሱ ታጭዶ ይገባል። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ። ከዋሸሁ እዚያ ጥግ ተቀምጦ እየሰማኝ ነው፤ ያርመኛል።

አባቱ ሲሞቱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያን ዓመት ገብሱን ውርጭ መታውና አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄደ። እዚያ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ፎቶ አንሺ ሆኖ እንዳይመስላችሁ! ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ የታተመውን ፎቶ ይቆርጣል፣ ጥሩውን ከተበላሸው ይለያል። “ይኼ ደብዝዟል፣ የዚህ ነጩ ተቃጥሏል፣ የዚህ ጥቁሩ ጭቃ ሆኗል” እያለ ስምንት ዓመት ኖረ። ፎቶ ማየት ላይ እሱን የሚያህል የለም። ካሜራ በእጁ የያዘው ግን ከስንት አንዴ ነው። ይህችን ልብ በሉልኝ።

እኔን ያገባኝ በዚያው መካከል ነው። ተጋብተን አራት ዓመት ሲሆነን፣ አብረን የኖርንበት ቢደማመር አራት ወር አይሞላም። ለፋሲካ ይመጣል፣ ለዘመን መለወጫ ይመጣል፣ ሻንጣውን ከፍቶ ሳይጨርስ ይዘጋል። እኔ እዚህ ከእናቱ ከእማማ ጥሩሸዋ ጋር በግ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ይፈትላሉ፣ ሁለታችንም መንገድ መንገዱን እናያለን። ባል አለኝ እላለሁ እንጂ አንዳንዴ መልኩ ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን በስልክ “ወይ ና፣ ወይ ውሰደኝ፣ ወይ ፍታኝ!” አልኩት። ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ሻንጣውን ይዞ መጣ፤ ከሻንጣው ውስጥ መዳፍ የምታህል ጥቁር ዲጂታል ካሜራ አወጣ።

እሱ ካጠራቀመው ላይ እኔም በጎቼን ሸጬ ልኬለት ነው የተገዛችው። እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

“እውነቱን ልንገርሽ” አለኝ፤ “ካሜራ ከሚባለው ሁሉ ርካሿ ይህች ናት። ከዚህ በታች ያለው የልጅ መጫወቻ ነው። ጥሩ ፎቶ ካወጣች እዚሁ ሞላሌ ፎቶ ቤት ከፍተን እንኖራለን። ካላወጣች ግን ሰውዬው ቦታዬን ለሌላ አልሰጠም፣ እመለሳለሁ።”

እንግዲህ አስቡት። ትዳሬ እዚያች መዳፍ የምታህል ነገር ላይ ተንጠለጠለ።

“ታዲያ ጥሩ መሆኗ በምን ይታወቃል?” አልኩት።

“ከኋላዋ ያለችውን ስክሪን አትመኛት። ሰው በትንሹ ሲታይ ሁሉም ያምራል። አጉልተሽ ነው የምታዪው። ሻጩ ሜጋ ፒክስል፣ ሜጋ ፒክስል ይላል፤ እሱን ተይው። ነጭ ነጠላ አንሺና እጥፋቱ ይታያል ወይስ ኖራ የተለቀለቀ መስሏል? ጥቁር በርኖስ አንሺና ጠጉሩ ይለያል ወይስ ጉድጓድ ሆኗል? ጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው ርካሽ ካሜራ የሚያጭበረብረው፤ ያልያዘውን እንደያዘ አስመስሎ ይለስነዋል።”

እሱ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር እኔ እማማ ጥሩሸዋን እያየሁ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አንገታቸው ላይ ዘጠኝ ረድፍ ንቅሳት አለ፤ በልጅነታቸው የተነቀሱት ነው። የላይኞቹ ወፍራም ናቸው፤ ወደ ታች እየቀጠነ ይሄድና ዘጠነኛው የሚፈትሉትን ክር ያህላል።

“እማማ አንገት ላይ ዘጠኙን ቆጥረን ከጨረስን፣ ካሜራዋ ደህና ናት” አልኩ።

ትዕዛዙ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ እናቱን አየ። “ይህን ፎቶ ቤት ሳለሁ ማን በነገረኝ!” አለ።

“አንገቴን እንደ ገበያ በግ ጥርስ ልትቆጥሩት ነው?” አሉ እማማ ጥሩሸዋ። ቢሉም ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ቀና አሉልን።

አነሳ። አጎላው። ሁለታችንም ጭንቅላታችንን አጋጥመን ቆጠርን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠነኛዋ ቀጭን ሆና፣ ግን ሳትቋረጥ፣ ከአንገታቸው ዳር እስከ ዳር ታየች። በሞትኩት! እልል ያልኩት እልልታ ጎረቤት አስወጣ፤ የወለድኩ መስሏቸው ነበር።

ወዲያው ሥራ መጣ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ ለገበሬው የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው፤ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መኳንንት ቤታችን ድረስ መጡ። “ለማርያም ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሰበሰብ፣ ቅዳሴ ሲወጣ በአንድ ቀን ሁሉንም አንሳልን። ሌላ የምለምንህ የለኝም፤ ፊታቸው ይለይ። ደብተሩ የልጅ ልጅ የሚያየው ነገር ነው” አሉ። ትዕዛዙ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ግን በእሱ ፈንታ አሥር ጊዜ “እሺ ጌታዬ” አልኳቸው።

የማርያም ዕለት ከእሱ ቀድሜ ተነሳሁ። ኮቱን አራገፍኩ፣ ቆሎ ቋጠርኩለት። እናቴ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ ነበር፤ አዲስ በሬ ሲገዛ ለመጀመሪያ ቀን ሳይጠመድ ግንባሩን ለጋ ቅቤ ታስነካዋለች፣ እንዲባረክና ዓይን እንዳይገባበት። ለዚህች ካሜራ ከበሬ ያነሰ አልወጣም። የጥፍሬን ታህል ቅቤ ወሰድኩና ከዓይኗ ከፍ ብሎ፣ ግንባሯ በሚሆነው በኩል፣ ለጠፍኩላት። እንዳይስቅብኝ ለእሱ አልነገርኩትም።

ሲመሽ አፍንጫውን ፀሐይ ልጦት መጣ፣ ግን ደስ ብሎታል። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው አንስቷል። “አጉልተህ አየሃቸው?” አልኩት። “ብርዱ ባትሪዋን እየበላብኝ፣ ሰልፉ እየገፋኝ፣ መቼ ጊዜ አገኘሁ? በስክሪን ያምራሉ” አለ። ስክሪኗን አትመኛት ያለኝ እሱ ነው እኮ! በማግሥቱ ሊያሳትም ደብረ ብርሃን ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ፎቶዎቹን አልጋው ላይ ዘረገፋቸው።

ጉድ ነው። ሰዉ ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። የነጠላው ንጣት እየፈሰሰ ፊታቸው ላይ ወጥቷል። መጨማደድ የለ፣ ጠባሳ የለ፣ ንቅሳት የለ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው እማማ አዛለች ትናንት የተዳሩ ሙሽራ መስለው ቁጭ ብለዋል።

አቶ መኳንንት በማግሥቱ መጡ። አንዱን አነሱ፣ ሌላውን አነሱ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

“ትዕዛዙ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?”

“የእናንተው ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ።”

“የእኛ ሰዎች ይህን ያህል አያምሩም” አሉ። ሳቅ አልነበረበትም። “ደብተር ላይ ልለጥፈው አልችልም። እስከ ቅዳሜ የሚሆን ነገር ካላመጣህ፣ ከደብረ ብርሃን ሌላ ሰው እጠራለሁ። አትቀየመኝ።”

እንደወጡ እማማ ጥሩሸዋን አስቀመጥናቸው። አነሳ፣ አጎላ፣ ቆጠርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው እንደ ጭስ ነበር። ከአራት በታች ምንም የለም፤ እሳቸውም ያልተነቀሱ ልጃገረድ ሆነዋል።

“ፀሐይ ነው” አለ ትዕዛዙ ቀስ ብሎ። “ሰልፉን ሳስተካክል ደጋግሜ ወደ ፀሐይ አዙሬያታለሁ። ውስጧ ተቃጥሏል። ርካሽ ነገር አይችልም።”

እዚህ ላይ እኔ አፌን ከፈትኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምን ያላልኩት አለ! ስምንት ዓመት ፎቶ ሲለይ ኖሮ አንዲት ካሜራ መለየት ያቃተው፣ አልኩት። በጎቼን አስበልቶ ጉም ይዞልኝ የመጣ፣ አልኩት። ድሮም ልብህ እዚያው ከተማ ነው፣ ሰበብ ነው ያጣኸው፣ አልኩት። ይህ የመጨረሻው ነው የከነከነኝ፤ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ፣ ግን ወጥቷል።

እሱ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተተ፣ ልብሱን አጣጥፎ ከተተ። ከዚያ “ለነገ ጧት አውቶቡስ ቦታ ላስይዝ” ብሎ ወጣ።

እማማ ጥሩሸዋ እንዝርታቸውን አቆሙ። “ልጄን የሚያባርረው ካሜራው አይደለም፤ አፍሽ ነው” አሉኝ። ጮኸው ቢሆን እመልስላቸው ነበር። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ልጃቸው በወረሰው ድምፅ።

እጄን የማደርግበት ባጣ ፎቶዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እንደተነሱት በተራ ታስረው ነው የመጡት፤ እኛ ከላይ ያለውን አይተን ስንደነግጥ ከሥር ያለውን ማን ፈታው? የመጀመሪያዋን እስር ፈታሁ። መምሬ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ የሰበካው ቄስ ስለሆኑ ከሁሉ ቀድመው ተነስተዋል። ጺማቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል! የመቋሚያቸው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ባለቤታቸውም እንዲሁ፣ የአንገታቸው ማተብ ክር በክር። ቀጣዩም ጥሩ፣ ቀጣዩም ጥሩ። ወደ ሠላሳኛው ግድም ፊቱ ከላይ በኩል መሟሟት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ እየባሰ፣ እየባሰ፣ እኩለ ቀን ላይ የተነሱት ጭራሽ ጉም ለበሱ።

ፀሐይ ያቃጠለው ነገር በአንዴ ነው የሚሄደው፣ ብዬ አሰብኩ። ይኼ ግን ቀስ እያለ ነው የመጣው። ከላይ ወደ ታች። ጧት ብርድ ሲሆን የለም፤ ፀሐይ ሲከር እየወረደ... አናቱን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ መጀመሪያ ግንባሩ ይወዛል፣ ከዚያ ቅንድቡ፣ ከዚያ ዓይኑ ውስጥ ይገባል...

ወይኔ ጌታነሽ!

ካሜራዋን አነሳሁና ሲከፍታት እንዳየሁት ቁልፏን ተጫንኩ፤ ዓይኗ ወጣ። ወደ በሩ ብርሃን አዘንብዬ አየሁ። መስተዋቱ ላይ ወዝ አለ። ቅቤ ያለቀባት ገበታ በፀሐይ ሲታይ የሚለውን ይላል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የገዛ ቅቤዬ ነው፤ መቼም አልስተውም። ባሌ ካሜራዋን ይዞ የሚቆመው ከኋላዋ፣ ቅቤው ያለው ከፊቷ፤ እንዴት ብሎ ይየው?

እውነቱን ልንገራችሁ ብያለሁና ሁሉንም እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ በነጠላዬ ጥበብ ጠርጌ ዝም ማለት ነበር። ጠበል ረጨሁባትና ዳነች ብለው ያምነኛል። እጄ ነጠላዬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብፍቃትስ? ብሰብራትስ? ደግሞስ ያን ሁሉ ስድብ ጠጥቶ እንዲኖር፣ እኔም በልቤ እየሳቅኩበት እንድኖር? አልቻልኩም።

ትዕዛዙ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

“ቦታ ተገኘ” አለ። “ጧት በደጃፍ ሲያልፍ ክላክስ ያደርጋል።”

“ቁጭ በል።”

“ምን ሆንሽ?”

“ቅቤ ቀብቻታለሁ።”

“ማንን?”

“ካሜራዋን። የማርያም ዕለት ጧት። ግንባሯን። እንድትባረክ ብዬ።”

ቁጣው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ካሜራዋን ከእጄ ወሰደ፣ በሩ ጋ ሄዶ አዘነበላት፣ አሸተታት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያለቀሰ መሰለኝና “ባክህ ስደበኝ! ስደበኝ እንጂ!” ብዬ ጮህኩ። ዞሮ ሲያየኝ እየሳቀ ነው! ግድግዳውን ተደግፎ፣ ድምፅ አጥቶ፣ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። በአራት ዓመት እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

“ስምንት ዓመት ሙሉ” አለ ትንፋሹ ሲመለስ፤ “በውኃ የተበላሸ አይቻለሁ፣ በአቧራ የተበላሸ አይቻለሁ። በቅቤ የተበላሸ ፎቶ...” መጨረስ አቃተው። “እኔ ደግሞ አቧራ ይዟት ይሆናል እያልኩ ያን ዕለት በፎጣዬ እጠርጋት ነበር። ራሴ ነኛ አዳርሼ የለቀለቅኳት!”

ከዚያ ሳቁን አቁሞ “ተመልሳ ትስተካከል እንደሆነ ግን አላውቅም” አለ።

እማማ ጥሩሸዋ ለሆድ ቁርጠት ያስቀመጧት ጠንካራ አረቄ አለች። ከዚያች አንድ ጠብታ፣ ከሚፈትሉትም ጥጥ ንጹሑን ጠየቃቸው። “ለካሜራውም አረቄ ይሰጠዋል?” እያሉ ሰጡት። ጥጡን ስንጥር ላይ ጠቅልሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከመካከል ወደ ዳር እያዞረ ጠረገ። ጥጥ ቀየረ። ደግሞ ጠረገ። ያ ቀስ ማለቱ ስንት ጊዜ እንዳላናደደኝ፣ ያን ዕለት እጁን ብስመው ደስ ባለኝ።

“እማዬ፣ አንገትሽን” አለ።

ፀሐይዋ ልትገባ ግድግዳው ላይ ነበረች። እማማ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ቀና አሉ። አነሳና ራሱ ሳያይ ካሜራዋን ለእኔ ሰጠኝ። “አንቺ ቁጠሪ። እኔ አልችልም።”

አጎላሁት። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስትን አየኋት። ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛዋ ላይ ጣቴ ቆመ፤ ወደ ታች ለማውረድ ፈራሁ። ከዚያ በታች ባይኖርስ? አወረድኩት። ክር የምታህል፣ ሳትቋረጥ፣ ከዳር እስከ ዳር።

“ዘጠኝ” አልኩ።

እፎይ! ደጃፉ ላይ ዘፍ አልኩና አለቀስኩ። ትዕዛዙም አጠገቤ ተቀመጠ፤ እሱም ዓይኑን ይጠርጋል።

“እናንተ ልጆች፣ ምን ሆናችሁ?” አሉ እማማ ጥሩሸዋ አንገታቸውን በእጃቸው እየዳበሱ፤ “ምን በቅሎብኛል?”

ቀሪውን ላሳጥርላችሁ። ከቅዳሜ በፊት ሕዝቡ ዳግመኛ ፎቶ ተነሳ፤ አቶ መኳንንት አዲሶቹን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አይተው “አዎ፣ አሁን የእኛ ሰዎች ናቸው” አሉ። እማማ አዛለች ብቻ የፊተኛውን ፎቶ አልመልስም ብለው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ዘጠኙን በቆጠርን በማግሥቱ ያለችውን ጧት ነው።

ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደጃፋችን ላይ ክላክስ ጮኸ። ትዕዛዙ ቦታ ማስያዙን ረስቶ ተኝቷል፤ ሻንጣው እንደታሰረ በሩ ሥር ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ይህ አውቶቡስ በጮኸ ቁጥር ባሌን ይዞብኝ ይሄድ ነበር።

“የታለ ሰውዬው?” አለኝ ሾፌሩ በመስኮቱ።

“ሂድ፣ አይመጣም።”

“ትናንት የፊቱን ወንበር ለምኖ አስይዞኝ? በሚመጣው ሳምንት ነው የሚሄደው?”

“አይሄድም” አልኩት። “እዚህ ሥራ አለው።”

ለጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነው ያልኩት። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ፣ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ስገባ ትዕዛዙ ነቅቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ሰምቶኛል። ሻንጣውን ፈታሁና ልብሱን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩ። ከዚያ ቅቤዬን አወጣሁ። ቅቤውን ሲያይ ካሜራዋን ወዲያው ከጀርባው ደበቃት፤ እኔ ግን ወደ እሱ ነበር የሄድኩት። ጎንበስ አለልኝ፤ አናቱን ቀባሁት።